የአንገት ቀዶ ጥገና፦ ከፊት ወይስ ከማጅራት? አግድም ወይስ ቁልቁል?

አክስቴ ዶክተሩን መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ነርቯ አልነበረም። «ጠባሳው ይታያል እንዴ?» ነው ያለችው። ዶክተሩ ፈገግ አለ። ሁለት ጣቱን ማንቁርቷ ላይ አሳረፈና ቀስ እያለ ወደ ታች ወረደ። እንደ ቀለበት ጠንከር ያለች ነገር ላይ ሲደርስ ቆመ። «ስድስተኛው የአንገት አጥንትዎ በዚህ ትይዩ ነው ያለው እናቴ» አላት። ቀጥሎ «እስቲ አገጭዎን ወደ ደረትዎ ያስጠጉልኝ» አለ። አንገቷ ላይ የቆዳ እጥፋት ወጣ። እጥፋቱን ተከትሎ በእስክሪብቶ አሰመረ። አራት ሴንቲ ሜትር ገደማ ትሆናለች። «በዚህች በኩል ነው የምንገባው።»

አክስቴ መስመሯን በስልኳ ካሜራ አየቻት። «ማተቤስ?» አለች።

ያን ቀን አስቆኝ ነበር። ግን ጥያቄዋ የዋዛ አልነበረም፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለዚህ ጉዳይ ስጠይቅና ሳነብ ከረምኩ። ሐኪም አይደለሁም። ይህ ጽሑፍም ሐኪሙን አይተካም። ሐኪሙ ፊት ስትቀመጡ ምን እንደምትጠይቁ እንዲገባችሁ ነው የጻፍኩት።

አንድ ነገር ቶሎ ልበል። ቆዳ ላይ የሚሰመረው መስመር የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ከፊት ወይስ ከኋላ፣ ስንት ዲስክ (በአንገት አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ ያለው)፣ ቀኝ ወይስ ግራ የሚለው ተወስኖ ያልቃል። ሰው ግን ስለ መስመሩ ይጠይቅና ስለሌላው ሳይጠይቅ ይወጣል።

መጀመሪያ፦ ቀዶ ጥገናው ያስፈልጋል?

ሁለት ዓይነት ችግር አለ። አንደኛው ዲስኩ ወይም ያደገ አጥንት ወደ ክንድ የሚወርደውን ነርቭ ሲጫን ነው። ሕመሙ ከአንገት ተነስቶ በትከሻ በኩል እስከ ጣት ይወርዳል፤ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራል። ይሄኛው አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቢላ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ይሻላል። እጅ እየደከመ ካልሄደ በቀር መታገስ ያዋጣል።

ሁለተኛው ህብለ ሰረሰሩ ራሱ ሲጨመቅ ነው። ይሄ ብዙ ላያምም ይችላል፤ ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። ስኒ ከእጅ ያመልጣል። የሸሚዝ ቁልፍ አልቆለፍ ይላል። ጽሑፍ ይበላሻል። ደረጃ ሲወርዱ እግር ይከዳል። የአክስቴ የጀመረው ቡና ስትቀዳ ነው። ረከቦቱ ላይ ስታፈስ «እርጅና ነው» ብለን ስቀን አለፍን። ስድስት ወር በከንቱ ሄደ። እንዲህ ዓይነቱ ምልክት ካለ መጠበቅ አይመከርም። የቀዶ ጥገናው ዋና ግብም እንዳይብስ ማቆም ነው፤ የጠፋው ሁሉ ይመለሳል ብሎ ቃል የሚገባ ሐኪም ካጋጠማችሁ ጠርጥሩ።

ከፊት ወይስ ከማጅራት?

ትልቁ ምርጫ ይሄ ነው። ሌላው ሁሉ ከሱ በታች ነው።

«አጥንቱ ያለው ከኋላ ነው፣ ለምን በጉሮሮ በኩል ይገባሉ?» የሚለውን ሁሉም ሰው ይጠይቃል። መልሱ ቀላል ነው። ዲስኩ ያለው ከህብለ ሰረሰሩ ፊት ነው። ከኋላ ገብቶ ዲስኩን ለማውጣት ህብለ ሰረሰሩን ገፋ ማድረግ ያስፈልግ ነበር። አንገት ላይ ያንን ማንም አይደፍርም። ከፊት ግን ተፈጥሮ ራሷ መንገድ ትታለች። ቆዳው ተከፍቶ ስስ የሆነው የአንገት ጡንቻ ከታለፈ በኋላ የሚቆረጥ ብዙ ነገር የለም። ትልቁ የደም ስር ወደ ውጭ ይገፋል። የአየር ቧንቧውና የምግብ ቧንቧው ወደ መሃል ይገፋሉ። በመካከል አጥንቱ ይታያል። ዲስኩ ይወጣል፣ በቦታው ትንሽ አጥንት ወይም ኬጅ (ክፍተቱን የሚይዝ ትንሽ ሰው ሠራሽ ድጋፍ) ይገባል፣ ብዙ ጊዜ ፕሌት የሚባል ስስ ብረትና ብሎን ይታሰርበታል፤ ላይና ታች ያሉት አጥንቶች ገጥመው እንዲቆለፉ ነው። በዚሁ መንገድ ገብቶ የሚንቀሳቀስ ሰው ሠራሽ ዲስክ መተካትም ይቻላል፤ ለቆዳው ልዩነት የለውም። መንገዱ አዲስ አይደለም። ባልቲሞር ውስጥ ስሚዝና ሮቢንሰን፣ ሆኖሉሉ ውስጥ ደግሞ ክላውርድ በ1950ዎቹ ያስተዋወቁት ነው።

የፊት ዋጋው መዋጥ ነው። የምግብ ቧንቧው ለሰዓታት ወደ ጎን ተገፍቶ ስለሚቆይ ያብጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መዋጥ የማይከብደው ሰው ጥቂት ነው። አብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ይለቀዋል። ጥቂቱን ለወራት ይዞት ይቆያል። ብዙ ዲስክ የተሠራለት ሰውና በዕድሜ የገፋ ሰው ይበልጥ ይቸገራል። አክስቴ አስር ቀን በአጥሚት ነው የኖረችው። ገንፎ ሞክረን ነበር፤ ለሰስ ያለ ስለሚመስል ይወርዳል ብለን። ይጣበቃል፤ አልሆነም። እንጀራ በስሱ ሽሮ በደንብ ርሶ ሲቀርብላት ነው የተመለሰችው።

ከኋላ ሲሆን ሌላ ነው። ማጅራት መሃል ላይ ቁልቁል ይቀደዳል። ጡንቻው ከአጥንቱ ላይ ተላጦ ወደ ሁለት ጎን ይከፈታል። ምግብ ቧንቧም ድምፅም አይነካም። ግን ያማል። ጭንቅላትን ቀኑን ሙሉ የሚሸከመው ይሄው ጡንቻ ስለሆነ ለሳምንታት አንገት ቀና ማድረግ ራሱ ሥራ ነው። የቁስል ኢንፌክሽንም ከፊቱ ይልቅ በኋላው ይበዛል፤ በተለይ ስኳር ያለበት ሰውና ክብደቱ የበዛ ሰው ላይ። ሌላም አለ። ከኋላ ብዙ ቦታ ሲከፈት ከመቶ አምስት በሚሆኑት ላይ ትከሻ የሚያነሳው ነርቭ ይደክማል። ሰውየው ከእንቅልፉ ሲነቃ ወይም ከቀናት በኋላ ክንዱን ማንሳት ያቅተዋል። አብዛኛው በወራት ውስጥ ይመለሳል። ግን ቀድሞ ያልተነገረው ሰው ሲያጋጥመው ይደነግጣል።

ታዲያ የቱ ይሻላል? ብዙ ጊዜ የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው።

ስንት ቦታ ነው የተጫነው? አንድ ወይም ሁለት ከሆነ ወደ ፊት ያደላል። አራት ከሆነ ወደ ኋላ። ሦስት ላይ ሐኪሞቹም ይከራከራሉ።

የሚጫነው ከየት ነው? ዲስክ ከፊት ይጫናል። የወፈረ ጅማት ከኋላ ይጫናል።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማይጠይቀው ነው፦ የአንገት ቅርጽ። ጤነኛ አንገት ወደ ኋላ ለጠጥ ያለ ነው። ከኋላ ያለው አጥንት ሲከፈት ህብለ ሰረሰሩ ወደ ኋላ ሸሽቶ ከፊቱ ጫና ያመልጣል። አንገቱ ወደ ፊት የጎበጠ ሰው ላይ ግን አይሸሽም፤ እንደተወጠረ ገመድ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ጎባጣ አንገት ብዙውን ጊዜ ከፊት ይሠራል፤ ካልሆነም ከኋላ በብሎን ተስተካክሎ ይታሰራል። ኤክስሬያችሁን ከጎን ተመልከቱት። የሐኪም ዓይን አያስፈልገውም፤ ቅርጹ ይታያል።

በሁለቱም መንገድ ሊሠራላቸው የሚችል ሰዎችን ወስዶ በዕጣ የለየ ጥናት አለ። በሰሜን አሜሪካ 15 ሆስፒታሎች ውስጥ ህብለ ሰረሰራቸው የተጨመቀ 163 ሰዎች ተካተውበታል። ውጤቱ በ2021 እ.ኤ.አ. ወጣ። ከአንድ ዓመት በኋላ ሰዎቹ ስለ አቅማቸውና ስለ እንቅስቃሴያቸው የሰጡት መልስ ተቀራራቢ ነበር። የጎንዮሽ ችግር ግን ከፊት የተሠሩት ላይ ከመቶ 48፣ ከኋላ የተሠሩት ላይ ከመቶ 24 ነበር። የፊቱን ቁጥር ከፍ ያደረገው በዋናነት መዋጥ ነው። ከኋላ ከተሠሩት መካከል አጥንቱ እንደ በር በአንድ በኩል ተከፍቶ የቀረላቸው፣ ማለትም በብሎን ያልታሰሩት፣ የተሻለ ሆነዋል። ግን እነሱ ለዚያ ዘዴ የተመረጡት በሐኪም እንጂ በዕጣ ስላልሆነ ብዙ አልደገፍበትም። የበር ዘዴው ጃፓኖች በ1970ዎቹ ያዳበሩት ነው። አንገት ሳይቆለፍ ይቀራል፤ እኔ ብሆን አንገቴ ያልጎበጠና ብዙ ቦታ የተጫነ ቢሆን ስለሱ ሳልጠይቅ አልወጣም።

አግድም ወይስ ቁልቁል?

ከፊት ተወሰነ እንበል። አሁን አክስቴ የጠየቀችው ጥያቄ ላይ ደረስን።

አግድሙ የቆዳ እጥፋትን ተከትሎ ከአንገት መሃል ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። ከሦስት እስከ አምስት ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ቁልቁሉ ደግሞ ራስ ወደ ጎን ሲዞር ገመድ መስሎ የሚወጣውን የአንገት ጡንቻ ጠርዝ ይዞ በሰያፍ ይወርዳል። ይረዝማል።

የቆዳው አቅጣጫ ሕመሙ ይሻል አይሻል የሚለውን አይወስንም። ነርቩ ነፃ የሚወጣው ውስጥ በሚሠራው ሥራ ነው። የቆዳው ልዩነት ሁለት ነገር ላይ ነው፦ ጠባሳውና ሰርጀኑ የሚያየው ስፋት።

ጠባሳ ላይ አግድሙ ያሸንፋል፤ ክርክር የለውም። አንገት ሲታጠፍና ሲዘረጋ ቆዳው የሚለጠጠው ወደ ላይና ወደ ታች ነው። አግድም የተቆረጠ ቁስል በእጥፋቱ ውስጥ ተኝቶ ይድናል። ቁልቁል የተቆረጠው እጥፋቶቹን አቋርጦ ስለሚያልፍ አንገት በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይጎተታል፤ ሰፋ ወይም ጎላ ብሎ ሊድን ይችላል። ከዓመት በኋላ የአክስቴን ጠባሳ ለማሳየት እሷ ራሷ መስታወት ፊት ትፈልገዋለች።

ስፋት ላይ ቁልቁሉ ይሻላል። ሦስት አራት ዲስክ ሲሆን ከላይ እስከ ታች ያለ ትግል ያሳያል። በጠባብ አግድም በር ረጅም ቦታ ለመሥራት ቲሹው በኃይል መሳብ አለበት፤ ያ ጉተታ ደግሞ እንደገና መዋጥን ያከብዳል። እርግጥ ብዙ ሰርጀኖች ከቆዳው ሥር ያለውን ሽፋን ወደ ላይና ወደ ታች በደንብ ነፃ በማውጣት በአግድም መስመር ሦስት ዲስክ ይሠራሉ። አንገቱ ረጅምና ቀጭን የሆነ ሰው ላይ ይሆናል። አጭርና ወፍራም አንገት ላይ ይከብዳል።

የእኔ አስተያየት፦ አንድ ወይም ሁለት ዲስክ ከሆነና ቁልቁል ነው ከተባላችሁ ምክንያቱን ጠይቁ። ሦስት ወይም አራት ከሆነና ሰርጀኑ ቁልቁል ከፈለገ ለጠባሳ ብላችሁ አትሟገቱት። በደንብ የሚታየው ሰርጀን ይሻላችኋል።

ቀኝ ወይስ ግራ?

ይሄን ማንም አይጠይቅም። መጠየቅ ግን ያለበት ሰው አለ።

የድምፅ አውታርን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ዘወርዋራ ነው። ከአንጎል ሥር ወርዶ ደረት ጋ ይደርስና ተጠምዝዞ እንደገና ወደ ማንቁርት ይወጣል። በግራ በኩል ከልብ የሚወጣውን ትልቁን የደም ስር ዞሮ ስለሚመጣ መንገዱ ረጅምና የተለመደ ነው። በቀኝ የሚዞረው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው፤ መንገዱም ከሰው ሰው ይለያያል። በዚህ ምክንያት ግራን የሚመርጡ ሰርጀኖች አሉ። ቀኝ እጃቸው የሚቀናቸው ብዙዎች ደግሞ ለእጃቸው ስለሚመች በቀኝ ይገባሉ። በግራም ቢሆን ወደ አንገት ሥር ሲወረድ ሌላ ጥንቃቄ የሚፈልግ የሊምፍ ቱቦ አለ። የተደረጉት ጥናቶች አንዱ ወገን ከሌላው በግልጽ ይሻላል የሚል የጸና መልስ አልሰጡም። ስለዚህ ለአብዛኛው ሰው ሰርጀኑ የለመደው ጎን ጥሩ ጎን ነው።

ለማን ነው ልዩነት ያለው? አንገቱ ከዚህ በፊት ለተነካ ሰው። እኛ ሀገር ይሄ ብዙ ሰው ነው፤ እንቅርት ያስወጣች እናት ወይም አክስት የሌለችበት ቤተሰብ ስንት ነው? እንቅርት ሲወጣ ያ የድምፅ ነርቭ እዚያው ጥግ ነው ያለው። በአንድ በኩል ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፤ ሰውየውም ሳያውቀው፣ ድምፁ ከጊዜ ጋር ተስተካክሎለት። አሁን ሰርጀኑ በደህናው ጎን ገብቶ ያኛውም ቢደክም ሁለቱም የድምፅ አውታሮች አይከፈቱም። ያኔ ጉዳዩ ድምፅ መሆኑ ይቀርና መተንፈስ ይሆናል። ስለዚህ አንገታችሁ ላይ የእንቅርትም ሆነ የሌላ ቀዶ ጥገና ካለ ከመሠራታችሁ በፊት የአንገት በላይ ሐኪም በቀጭን ካሜራ የድምፅ አውታራችሁን ይይላችሁ። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። አንዱ የማይንቀሳቀስ ሆኖ ከተገኘ ሰርጀኑ በዚያው በተጎዳው ጎን ይገባል። የድሮ ጠባሳ ስላለበት ለሥራ ይከብዳል። ግን ደህናውን ነርቭ ይጠብቃል።

በድምፁ የሚኖር ሰውም ይናገር። ቀዳሽ፣ መሪጌታ፣ ሙአዚን፣ ዘፋኝ፣ ሰማንያ ተማሪ የሚያስተምር መምህር። ከቀዶ ጥገና በኋላ ድምፅ መጎርነን ያጋጥማል፤ አብዛኛው ይመለሳል፣ ጥቂቱ ይቀራል። ላይኛው የአንገት ክፍል ከሆነ የሚሠራው ደግሞ ሌላ ትንሽ ነርቭ አለች፤ እሷ ከተነካች ሰውየው እንደ ልቡ ያወራል፣ ከፍ ያለውን ዜማ ግን ማውጣት ያቅተዋል። ለነጋዴ ምንም ላይሆን ይችላል። ለመሪጌታ ግን እንጀራው ነው። ምርጫው እኩል የሆነበት ሰው ከሆነና ከኋላ መሥራት የሚቻል ከሆነ ይሄ ብቻውን ሚዛን ሊደፋ ይችላል።

ስለ ትንሿ ቀዳዳ

ከኋላ በሁለት ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ ቱቦ አስገብቶ በማይክሮስኮፕ ወይም በካሜራ የሚሠራም አለ። ጡንቻው አይላጥም፤ በቱቦው ይከፈታል። የሚጠቅመው በአንድ ጎን ያለ ነርቭ ብቻ ሲጫን ነው። ነርቩ የሚወጣበት ቀዳዳ ይሰፋል፣ ዲስኩ አይነካም፣ ብሎን የለም፣ አንገት አይቆለፍም። ይህን ቀዳዳ የማስፋት ሥራ ከፊቱ ቀዶ ጥገና ጋር ያነጻጸረ የኔዘርላንድስ ጥናት 265 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታትሎ ውጤቱ ከፊቱ እንደማያንስ አሳይቷል። ለህብለ ሰረሰር መጨመቅ ግን መልስ አይሆንም። ማስታወቂያው ላይ «ያለ ጠባሳ» የሚል ካያችሁ ለየትኛው በሽታ እንደሆነ ጠይቁ። ሰርጀኑ በዚህ ዘዴ አዘውትሮ ይሠራ እንደሆነም ጠይቁ። ትንሽ ቀዳዳ ያልለመደ እጅ ላይ ትልቅ ጣጣ ነው።

ጠባሳው፣ ማተቡና ሹሩባው

የእኛ ቆዳ ጠባሳውን ሊያሳብጥ ይችላል። ጆሮ የተበሱበት ቦታ፣ የክትባት ቦታ ወይም የድሮ ቁስል አብጦ ቀርቶ ከሆነ ኬሎይድ የመውጣት ዕድላችሁ ከሌላው ይበልጣል። ይህን ለሰርጀኑ ቀድማችሁ ንገሩት፤ አሰፋፉን ያስብበታል። ቁስሉ ከተዘጋ በኋላ የሲሊኮን ልጣፍ ይረዳል። ማበጥ ሲጀምር ወዲያው የቆዳ ሐኪም ጋ መሄድ ነው፤ መርፌው የሚሠራው በጊዜ ሲጀመር ነው። ቁስሉ ሳይዘጋ ቅቤ ልቀባ የሚል ዘመድ ይመጣል። ቡና ጠጥቶ ይሂድ።

ማተቡ ነገር እንዲህ ነው። ለቀዶ ጥገናው ይወልቃል። ሲመለስ ደግሞ ታችኛው የአንገት እጥፋት ላይ ያረፈ መስመር ከማተብ መንገድ ጋር ይገጥማል። ላብ የያዘ ክር ትኩስ ቁስል ላይ ቀኑን ሙሉ ይፈትጋል። ነርሷ ለአክስቴ ሌላ ሐሳብ ሰጠቻት፦ ስፌቱ እስኪደርቅ እጇ ላይ ታስረው። አሰረችው። ወርቅ ሐብልም ያው ነው። ነጠላና ሂጃብ ጠባሳን ከፀሐይ ይከልላሉ፤ ፀሐይ አዲስ ጠባሳን ስለሚያጠቁር ይሄ ጥሩ ነው። አንገታቸው ላይ ንቅሳት ያላቸው እናቶች ደግሞ መስመሩ በንቅሳቱ መካከል እንዲያልፍ መጠየቅ ይችላሉ።

ከኋላ ለሚሠራ ሰው የማጅራት ፀጉር ይላጫል። ሹሩባ ተሠርታችሁ አትሂዱ። ነርሶቹ ሲፈቱት የሚፈጀውን ጊዜ አይቻለሁ።

ቤት ከተገባ በኋላ

ከፊት የተሠራ ሰው አንገቱ ማበጥ ከጀመረ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተው፣ ተኝቶ መተንፈስ ከከበደው ጠዋት እስኪሆን አይጠበቅም። ውስጥ የደማ ደም የአየር ቧንቧውን እየተጫነ ሊሆን ይችላል። አልፎ አልፎ ነው የሚያጋጥመው፤ ብዙውን ጊዜም በመጀመሪያው ቀን፣ ሆስፒታል እያሉ። ግን ቀናት ቆይቶም ይመጣል። ከሆስፒታሉ ርቆ የሚኖር ሰው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከተማ ዘመድ ቤት ቢያሳልፍ ይሻላል።

ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አጥንቱ አልገጥም ይላል። ይህን ሐኪሙ ይነግራችኋል፤ እኔ ደግሜ ልበለው ብዬ ነው።

የመጨረሻው ወረቀት ነው። የጓደኛዬ አባት ውጭ ሀገር ሄደው ተሠርተው መጡ። ከአራት ዓመት በኋላ ከተሠራው በላይ ያለው ዲስክ ታመመ። አዲሱ ሰርጀን ወረቀታቸውን ሲያየው ያለው አንድ መስመር ነው፦ የአንገት ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸዋል። በየት ጎን እንደተገባ ከጠባሳው ገመተ። ፕሌቱ የማን ሥራ እንደሆነ ግን ጠባሳ አይናገርም። ብሎኑን ለመፍታት ደግሞ የዚያው ፋብሪካ መፍቻ ያስፈልጋል። ለዚያ መፍቻ ሁለት ወር በኢሜይል ሲጻጻፉ ቆዩ። ከሆስፒታል ስትወጡ የቀዶ ጥገናውን ማስታወሻ ቅጂ ጠይቁ። የትኞቹ አጥንቶች፣ በየት ጎን፣ የገባው ዕቃ ስምና ቁጥር፣ ከዚያ በኋላ ድምፁ እንዴት እንደነበር ይጻፍበት። በስልካችሁ ፎቶ አንሡትና ለልጆቻችሁም ላኩላቸው።